የተመለሱት ሁለት ጠርሙሶች

ታኅሣሥ 26፣ አዋሽ

ይህን የምጽፈው ለአንተ ለመሪጌታ ካሣ፣ ለራሴ ነው። ሌላውን ሲገሥጽ የሚውል ሰው ራሱን የሚመረምርበት ስፍራ ያሻዋልና።

እንደ ወትሮው ዋለ። ማለዳ ኪዳን፣ ቀጥሎ የልደት ማሕሌት ጥናት። ልጄ ዕፀገነት ቤት ስታጸዳ ታንጎራጉር ነበር። ምን ደስ አሰኛት? አልጠየቅኋትም።

ታኅሣሥ 28

ምክንያቱ ታወቀ... ቻላቸው የሚባል የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር። ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን በሪባን አስሮ ደጄ ቆመ። በገሃድ ጾም!

«ምንድን ነው ይህ?»

«የበዓል ነው፣ መሪጌታ። እርስዎ ባይጠጡት እንኳ... ለቁርባን ይሆናል ብዬ።»

ለቁርባን! የሚቀደሰው በዘቢብ እንደሆነ፣ የግሮሰሪ ጠርሙስ መቅደስ እንደማይገባ በዝርዝር አስረዳሁት። ቆሞ ሰማ። ጠርሙሶቹን መልሼ አስያዝሁት። ግሩም ትምህርት ነበር።

ታኅሣሥ 29፣ ልደት

ማሕሌቱ አማረ። ዕፀገነት ዶሮውን አቀረበች፤ እርሷ አልቀመሰችም።

«አባዬ፣ የመለሱት ወይኑን ነው ወይስ ሰውየውን?»

«ወይኑን ነዋ።»

«እሱ እንደዚያ አልመሰለውም። ለጥምቀት ሊልክልዎት የነበሩትን ሽማግሌዎች አትሂዱ፣ ይቅርባችሁ ብሏቸዋል።»

ሽማግሌዎች? ለእኔ ማን ነገረኝ?

ጥር 1

ማንጎራጎሩ ቀርቷል። ወጡ ጨው በዝቶበታል።

ጥር 2

በጎረቤቴ በከማሉዲን ሱቅ ተቀመጥሁ። ወሎዬ ነው፤ ነገር አይሸፍንም። ሁሉን ነገርሁት።

«ወላሂ መሪጌታ፣ የሰው ስጦታ ከደጅ መልሰው ደግሞ ሰውየው ለምን ቀረ ይላሉ?»

«ወይን ነው እኮ!»

«ጠርሙሱ ለእኔም ሐራም ነው፤ እኔ ሱቅ እንዳያሳርፉት። ሰውየው ግን ሐራም አይደለም። ግባ ብለውታል?»

ወደ ደጁ አየሁ። ሳቀብኝ።

ግባ ብዬው ነበርን? አላልሁም...

ጥር 4

የሴት ልጅ አባት ወደ ወንዱ ደጅ አይሄድም። ይህ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ለበዓል ስጦታ ማድረስን የከለከለ ማን ነው? ቀኑን ሙሉ ፈለግሁ፤ የከለከለ አላገኘሁም።

አመሻሽ ላይ ሙሉሐረግ ግሮሰሪ ገባሁ። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

«ውይ መሪጌታ! ምን እግር ጣልዎት?»

«ቀይ ወይን። ለስጦታ።»

«ጣፋጩን ነው ደረቁን?»

ወይን ይደርቃልን? «የሚከበርበትን» አልኋት። በጋዜጣ ጠቅልላ፣ እየሳቀች ሰጠችኝ።

ቻላቸው ሰመራ መኪናውን እያሠራ መሆኑን ከሹፌሮች ሰምቻለሁ፤ ለዕፀገነት ግን ሰመራ ጉዳይ አለብኝ ብቻ አልኋት። ጠርሙሱን አየች... ነጠላዬን እንደ ገና አጥባ ተኮሰችልኝ።

ጥር 6፣ ሰመራ

ሙቀቱ ያው ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም። ጠርሙሱን እስከ ሚሌ በጭኔ ላይ ይዤ፣ የምናገረውን በልቤ ስደግም መጣሁ። ቻላቸው መኪናውን የሚያሠራበትን ጋራዥ ጠይቄ አገኘሁ። ገና ከበሩ ስገባ አንዱ መካኒክ ጮኸ፦

«ቻሌ! ቄስ ወይን ይዘውልህ መጡ! ምን አጥፍተህ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ቄስ አይደለሁም፤ ለማረምም ጊዜው አልነበረም። ቻላቸው ከመኪናው ሥር ወጣ። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ግሪስ የነካ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። የደገምሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«እንኳን አደረሰህ» አልሁት። «ያን ዕለት ስለ ዘቢቡ አስረዳሁህ እንጂ ግባ አላልሁህም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀበለ። አገላብጦ አየው። እኔም ጠበቅሁ፤ ሰው ፊት እንዲህ ቆሜ የጠበቅሁበትን ቀን አላስታውስም። ውርደት አልነበረም... ለምን እንደ ቀለለኝ አላውቅም።

በመጨረሻ ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«አባቴ፣ እኔ እኮ መጠጥ የሚባል ቀምሼ አላውቅም። እርስዎ ቤት ይቀመጥና ሽማግሌዎቹ ለጥምቀት ሲመጡ እርስዎ ራስዎ ይክፈቱላቸው።»