ስታሰላስል የሚያንቀላፋው መሣሪያ

ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ቤቴል

መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ማየት የተሳናት ባለቤቴ በጣቶቿ የምታነብበት የብሬል መሣሪያ የላፕቶፑን ባትሪ ፈጥኖ እየጨረሰ ልብ ወለዷን ከመካከል ያቋርጥባት ስለነበር፣ ቁልፎቹ ለጥቂት ጊዜ ካልተነኩ እንዲተኛ፣ ሲነኩም እንዲነቃ አድርጌ መሣሪያውን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አሻሻልሁት። ዛሬ ከቀትር በኋላ መብራቱ ሲሄድ ባትሪው በእርግጥ በረከተ፤ ነገር ግን ጣቶቿን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ ስታሰላስል፣ መሣሪያው ንባቧን የተወች መስሎት ከጣቶቿ ሥር ፊደል ሆነው የቆሙትን ነጥቦች ዝቅ አደረገባት።

«ዝም ስል እንቅልፍ ይወስደዋል፤ መቼም ካንተ ነው የተማረው!» ብላ ሳቀች።

«አንድ መስመር ላይ ስንት ደቂቃ ትቆያለሽ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «እንደ መስመሩ ነዋ!» አለችኝ።

ከመተኛቱ በፊት የሚጠብቀውን ጊዜ አረዘምሁት። ባትሪው ቀድሞ ቢያልቅም ይለቅ። ይህን ስጽፍ ጣቶቿ አሁንም እዚያው መስመር ላይ ናቸው፤ ምን እንደሚል ግን አልጠየቅኋትም።