ቤተሰብ ተረፈ፣ ሲደመር አንድ
ለግላስኩግ የመዝናኛ መንደርና ሆቴል ዋና ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም በመግቢያው በር ላይ ቆሞ የእንግዳውን ሁሉ እጅ የሚጨብጠው ትልቁ ቀበሮ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ያለፈው በጋ ዝናብ የበዛበት ስለነበር፣ በዚያ ወፍራም ቆዳ ውስጥ የሚውለው ሰው ጉንፋን እንዳልያዘው ከልቤ እመኛለሁ። እኔና ልጄ ኦስሎ፣ ሃውገሩድ በሚገኘው ቤታችን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ በመጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በኖርዌጅኛ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ፣ ሦስቱንም ጊዜ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ፀሐያማ ቀን ይሁንልዎ» የሚል ያንኑ መልስ ስላገኘሁ፣ ጥፋቱ የኖርዌጅኛዬ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ኖርዌጅኛ የተማርኩት ከጽዳት ፈሳሽ ጠርሙሶች ጀርባና ማዮርስቱን በሚባለው ሰፈር የማጸዳው ቢሮ ሰዎች አንብበው ከሚጥሏቸው ጋዜጦች ነው። አማርኛም ቢሆን ማንበብ የቻልኩት ስኳር ከተጠቀለለባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች ስለሆነ፣ የተቀደደ ነገር አንብቤ ቀሪውን መገመት ለምጃለሁ። የእናንተንም የእንግዶች ደንብ ሃያ ሁለቱንም ገጽ ከነግርጌ ማስታወሻው አንብቤዋለሁ። አሁን በአማርኛ ስጽፍልዎ ተርጓሚ መፈለጉ የእርስዎ ድርሻ ይሆናል፤ አንዲት ሠራተኛዎ እኔ በኖርዌጅኛ እየተናገርኩ ሳለሁ ኖርዌጅኛ የሚችል ሰው ይዤ እንድመጣ በትሕትና እንደመከረችኝ ሁሉ። የማኅበራችን መጽሔት እንዲያወጣው የሰጠሁትም፣ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እናንተ የሚጓዙ ያገሬ ሰዎች ስላሉ ነው።

ወደ እናንተ የመጣሁት በዕድል ነው። በመሥሪያ ቤታችን የገና ዕጣ «ሁለት ሌሊት በግላስኩግ፣ ለመላው ቤተሰብ» የሚል ወረቀት ደረሰኝ። የአምስት ዓመቷ ልጄ ሐና ወረቀቱን ከገና እስከ ሐምሌ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋ፣ የቀበሮውን አፍንጫ በየቀኑ ስትነካው ቀለሙ ለቀቀ። ስላደረጋችሁልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ በተራ ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። በኢንተርኔት ቅጹን ስሞላ «የቤተሰቡ ስም» የሚል ሣጥን ገጠመኝ። እዚህ ላይ የእኔንም ጥፋት ሳልደብቅ ልመን። እኛ ዘንድ ቤተሰብ ስም የለውም፤ ስም ያለው ሰው ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ስም ይዞ ከኋላው የአባቱን ስም ያስከትላል፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። ስለዚህ እኔ አሰለፈች አለባቸው ነኝ። ባለቤቴ ተረፈ ሀብቴ ይባል ነበር። ልጃችን ደግሞ ሐና ተረፈ ናት። እናንተ ኤተርናቭን የምትሉት፣ ከስም ኋላ የሚመጣው ስም፣ በእኛ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ነው ማለት ነው። ሣጥኑ ግን አንድ ብቻ ነበር። ብዙ ካሰብኩ በኋላ፣ ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ቤቱ አሁንም የእሱ ነው ብዬ «ተረፈ» ብዬ ሞላሁት።

በሩ ላይ ሁለት የእጅ አምባር ተሰጠን። የሐና ቢጫ ሆኖ «ቤተሰብ ተረፈ» የሚል ነበር። የእኔ ግራጫ ሆኖ «ሲደመር አንድ» የሚል ነበር። ልጅቱን ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት እኔ እንደመሆኔ፣ ከሁለታችን በማን ላይ የተደመረው ማን እንደሆነ ለማስላት ሞክሬ ነበር፤ ሒሳብ ትምህርት ቤት ገብቼ ስላልተማርኩ ለእናንተው ትቼዋለሁ።

ሁለተኛ። ግራጫ አምባር የምግብ አዳራሹንና የመኝታ ክፍሉን በር እንጂ የልጆች መጫወቻዎችን እንደማይከፍት በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሜ፣ በሚሽከረከሩት ፈረሶች አጠገብ ተነገረኝ። ሐና በቢጫ አምባሯ ገባች፣ እኔ ከአጥር ውጭ ቆምኩ። ፈረሶቹ ሲቆሙ ልጆቹ በወዲያኛው በር እንደሚወጡ ግን ሃያ ሁለቱም ገጽ ውስጥ አልተጻፈም። ዞሬ ስደርስ ሐና አልነበረችም።

እየሮጥኩ ሳለ ከጥድ ዛፎቹ መካከል የድምፅ ማጉያው መናገር ጀመረ፤ ሜል ተረፈ፣ ሜል ተረፈ፣ ወደ ቀበሮው ጎጆ ይምጡ አለ። ሜል በኖርዌጅኛ ዱቄት ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ሲጠቃለል «ዱቄት ተረፈ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሚወጣው፣ የማእድ ቤት ማስታወቂያ ነው ብዬ ባልፈው አይፈረድብኝም ነበር። አላለፍኩትም። ቆምኩ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ስሙ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበርና፣ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል ዘወር ብዬ መንገዱን አየሁ። ለዚያች አፍታ ልጄን መፈለግ አቁሜ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ግን እነግርዎታለሁ፣ ድምፅ ማጉያችሁ ጥራት ያለው መሆኑን ማወቅ ያስደስትዎታልና።

የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሐና የእናቷን ስም ስትጠየቅ ሜሉ ብላ መልሳለች። ሜሉ የቤት ስሜ ነው፤ ያወጣልኝ ተረፈ ነው፣ ከየት እንዳመጣውም ሳይነግረኝ ሞተ። ሐና አፏን ስትፈታ ከእሱ ሰምታ ያዘችው። በዚህ ዓለም ላይ በዚያ ስም የሚጠሩኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አሁን የቀረችው አንድ ናት።

ሦስተኛ። ለጠፉ ልጆች ማቆያ ስም ስትፈልጉ፣ ከጫካ እንስሳት ሁሉ መርጣችሁ «የቀበሮው ጎጆ» በማለታችሁ ቅንነታችሁን አደንቃለሁ። ስደርስ ሐና ከመስታወቱ በር ወዲያ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ብድግ ብላ ሁለት እጆቿን ዘርግታ «ሜሉ!» ብላ ጮኸች። ማንኛዋም እናት ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ትላለች። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰችው ወጣት ሠራተኛዎ ግን በሩን በእርጋታ ከፊቴ ዘግታ መታወቂያ ጠየቀችኝ። ስሟን ደረቷ ላይ አንብቤዋለሁ፤ የሰው ስም በአደባባይ ሲለፈፍ ምን እንደሚሰማ ስለማውቅ ግን እዚህ አልጽፈውም። መታወቂያዬ አሰለፈች አለባቸው ይላል። የሐና አምባር ተረፈ ይላል። ልጅቱ ሜሉ ትላለች። ሠራተኛዎ ሦስቱን ከላይ ወደ ታች ጽፋ፣ አንዱም ከሌላው ጋር እንደማይገጥም በፈገግታ አሳየችኝ።

ከዚያም ወደ ሐና ጎንበስ ብላ፣ የዚህች ሴትዮ ስም አሰለፈች ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሐና አሰብ አደረገችና «ናይ»፣ አይደለም፣ አለች። አልፈርድባትም። መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ባርነሃገው ውስጥ የሐና ማማ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን የሐና እናት ነኝ፣ ቤት ውስጥ ሜሉ ነኝ፤ አሰለፈች የሚለኝ ፖስታ ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ፖስታ ማንበብ አትችልም። ሠራተኛዎ ቀጥላም፣ ልጅ እናቱን ማማ ይላታል እንጂ በስሟ እንደማይጠራት፣ በስም የሚጠራው ሞግዚትን ወይም ጎረቤትን እንደሆነ አስረዳችኝ። በዚህ ዓይነት፣ ልጄ እኔን አይታ የጮኸችው ጩኸት እናቷ ላለመሆኔ ማስረጃ ሆኖ ተያዘ።

የሚያውቀን ሰው ስልክ ስጠየቅ የጎረቤቴን የአቶ ዑቕባይን ሰጠሁ። አሥመራ ተወልደው ሃውገሩድ ያረጁ፣ ሐናን እንደ ልጅ ልጃቸው የሚያዩ ሰው ናቸው። የልጅቱ እናት ማን ትባላለች ሲባሉ፣ ጆሯቸው ከበድ ያለ በመሆኑ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ፣ የሐና እናት ነዋ ብለው መለሱ። ሙሉ ስሟስ ሲባሉ፣ የሐና እናት ነው የምንላት፣ ሌላ ምን እንድላት ፈልገሽ ነው ብለው ስልኩን ዘጉ።

ስለዚህ አቶ ተረፈ ራሱ መጥቶ ልጁን እንዲረከብ ተወሰነ። መምጣት እንደማይችል ነገርኳት። ሥራ ላይ ከሆነ እንጠብቃለን አለችኝ። ሥራ ላይ አይደለም አልኳት። እንግዲያው ስልኩን ስጪኝ አለች። ሞቷል የሚለውን ቃል በኖርዌጅኛ አውቀዋለሁ። ሐና ግን ከመስታወቱ ወዲያ ከንፈሬን እያየች ነበር፤ የአባቷን ነገር በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ፣ እኔው በመረጥኩት ቃል ነበር የነገርኳት። በዚያ ቋንቋ፣ በዚያ በር ላይ እንድትሰማው አልፈለግሁም።

ከሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በኋላ የተፈታነው በሥራ አመራራችሁ ጥበብ ሳይሆን፣ ወለሉን ልትወለውል በገባችው በፉርቱና ነው። ፉርቱና መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ የዚህች ልጅ ሁለተኛ ስም የአባቷ የመጀመሪያ ስም መሆኑን፣ በኤርትራም በኢትዮጵያም ነገሩ እንዲሁ መሆኑን ተናገረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሥራ ዝርዝራችሁ ላይ የአባቴን ስም ብቻ ጽፋችሁ ስትጠሩኝ እኔ የማላውቀው ሽማግሌ አቤት የሚል ይመስለኛል ብላም ጨመረች። የእኔን ቃል ለማመን መታወቂያዬ አልበቃም፤ የእሷን ለማመን ግን የእናንተ ዓርማ ያለበት ሽርጥ በቃ። በሩ ተከፈተ።

አራተኛ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለሐና ሁለት አይስክሬም ስለሰጣችኋት አመሰግናለሁ። አንዱን ለእኔ አስቀምጣው ኖሮ፣ እጇ ውስጥ ቀልጦ አገኘሁት።

አምስተኛ። ነገሩ ከተጣራ በኋላም ለጥንቃቄ በሚል፣ እኛ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ባርነቫርን ለምንለው ለኮሙኑ፣ ማለት ለማዘጋጃ ቤቱ፣ የልጆች ጥበቃ ክፍል ሪፖርት ስለላካችሁ፣ ስለ ትጋታችሁ ምን ብዬ ላመስግን? ቅጂው ደርሶኛል። «ልጅቱ ሴትየዋን እንደማታውቃት ገልጻለች» ይላል። «ሴትየዋ ስለ አባትየው ስትጠየቅ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም» ይላል። ስለ ፉርቱና ምንም አይልም። ከኮሙኑ ቤታችን ድረስ የመጣችው ሴት ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ሦስቱን ስሞች ጽፋ በመካከላቸው መስመር አሰመረች፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥም ገባት። ስትወጣ ስሜን በትክክል ለመጥራት ሞከረች፤ አልሆነላትም፣ መሞከሯን ግን አልረሳውም። ጉዳዩ እንደተዘጋ የሚገልጽ ደብዳቤም በሳምንቱ ደረሰኝ።

ሐና ግን ከበሩ ጀርባ ቆማ ሰምታ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መታጠቢያ ቤት፣ መስታወት ፊት በርጩማ ላይ ወጥታ፣ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች፣ አሰለፈች አለባቸው፣ አሰለፈች አለባቸው ስትል አገኘኋት። ምን እያደረግሽ ነው ብላት፣ እንዳልሳሳት እየተለማመድኩ ነው አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ስትፈልግ አሰለፈች ትለኛለች። ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ አሰለፈች ብላ ታለቅሳለች። ሜሉ በይኝ ብዬ ለመንኳት። ሜሉ ካልኩሽ እኔን አይሰጡሽም አለችኝ።

ስድስተኛና የመጨረሻ። «ውድ የተረፈ ቤተሰብ» ብሎ የሚጀምረው የይቅርታ ደብዳቤዎ፣ ከሁለት ነጻ ትኬቶች ጋር ደርሶኛል። ወደፊት እንዲህ ያለ መጉላላት እንዳይደርስ መላው ቤተሰብ አንድ ኤተርናቭን ቢይዝ እንደሚሻል መምከርዎንም አንብቤያለሁ። ምክሩ መልካም ነው። ለመፈጸም ግን አባቴን አቶ አለባቸውን ከስሜ ላይ ማውረድ፣ ወይም ተረፈን ከልጁ ስም ላይ መፋቅ ይኖርብኛል። ሁለቱም ሙታን በመሆናቸው ቅሬታ አያቀርቡም፤ ለአሠራር ምቹ ናቸው። እኔ ግን በሕይወት ስላለሁ አይመቸኝም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ውድ ጊዜዎን ይህን ያህል ስለወሰድኩ በድጋሚ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለመንደራችሁ ብዙ እንግዳ፣ ለቀበሮአችሁ ረጅም ዕድሜ፣ ለፉርቱና ደግሞ በራሷ ስም የሚጠራት አለቃ እንዲሰጥልኝ በመመኘት፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ ሲደመር አንድ፣
አሰለፈች አለባቸው
ሃውገሩድ፣ ኦስሎ፣ ጥቅምት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለቱን ትኬቶች ከዚህ ጋር መልሻለሁ። በደንባችሁ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ በመንደሩ ውስጥ የጠፋ ማንኛውም ነገር ለሦስት ወር እንደሚቀመጥ ስላነበብኩ ግን፣ አንድ ነገር ጠፍቶብኛልና እንድታፈላልጉልኝ አመለክታለሁ። ሁለት ፊደል ያለው ስም ነው፤ ትንሽ ነው፣ ኤተርናቭን የለውም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ቅዳሜ ዕለት ከመስታወቱ በር ወዲያ ነው። ካገኛችሁት እባካችሁ በድምፅ ማጉያ አትጥሩት። ለእኔም አትስጡኝ፤ ለሐና መልሱላት። ሦስት ወሩ የሚያበቃው የፊታችን እሑድ ነው።