በግድቡ መዝገብ ላይ የጻፍኩት ሰዓት

ሰኞ

የግድቡ ማሽን የተሰበረው በእኔ ጥፋት ነው። በኦቦ ቶለራ አይደለም። ባለቤቴ አስካለ እንኳ ይህን ሳታውቅ ሞተች።

ነገሩ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ የፍልሰታ ጾም ነበር። ሥራዬ መብራት የሚያመነጨው ውሃ በሚገባበት ፍርግርግ ብረት ላይ የሚከማቸውን ሣርና ግንድ በረጅም መንጠቆ እየጎተቱ ማውጣት ነበር። ክረምት ላይ ለአፍታ ከተዉት ይደፈናል። እኔ ቅዳሴ እንዳያመልጠኝ ብዬ ሰባት ሰዓት ላይ ጥዬ ሄድኩ። ቶለራ የሚተካኝ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ጸበል ጠጥቼ ስመለስ ፍርግርጉ ተሰብሮ፣ ግንድ ገብቶ፣ ማሽኑ ቆሟል። ቶለራ በሰዓቱ መጥቶ ብቻውን ከመንጠቆው ጋር ይታገላል።

መዝገቡ ላይ «ሰባት ሰዓት ላይ ለቶለራ አስረከብኩ» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ማንበብ አይችልም። «እዚህ ጋ ፈርም» አልኩት። አውራ ጣቱን ቀለም ነክቶ አሳረፈ። «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገነኝ።

በሳምንቱ አለቆቹ መዝገቡን አይተው አባረሩት። የግቢውን ቤትም ቀሙት። እኔ እስከ ጡረታዬ ሠራሁ።

ዛሬ ወፍጮ ቤት የግድቡ ሰፈር ሰው አገኘሁ። ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተነሳ መሬት ለኪዎች ቶለራ ዘንድ ሄደው «ፈርም» ቢሉት አሻፈረኝ ብሏል። «በማላነበው ወረቀት ጣቴን ሰጥቼ አንዴ ቤት አጥቻለሁ» ይላል አሉ። ሰውየው ይስቃል፤ «ግትር ሽማግሌ!» በፕላኑ ምክንያት የተነሳው ሁከት ስለባሰ ልጁ ቅዳሜ መጥታ ወደ ሱሉልታ ልትወስደው ነው።

ዱቄቴን ረስቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ተናገርኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ነበር።

«ለእኔ ነገርከኝ፤ የተበደለውስ ሰማ?»

«አባቴ፣ መንገዱ እኮ በሁከቱ ዝግ ነው።»

«ክፍት በነበረ ጊዜስ?»

ተነስቼ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ዱቄቱን አመጣሁ።

ረቡዕ

ሰበታ ዝም ብላለች። ሱቅ ዝግ፣ ትምህርት ቤት ዝግ። ከአስፋልቱ በኩል የሚንጣጣ ነገር ሰማሁ፤ ተኩስ ይሁን አስለቃሽ ጭስ አልለየሁም። ቆይቶ ዓይኔ ሲቃጠል ለየሁ።

ልጄ ሂሩት ከቡራዩ ደወለች። እነሱም ጋ እንደዚሁ ነው። ወደ ግድቡ ልሄድ ነው ብላት ጮኸች። «አባዬ፣ አገር እየታመሰ ሽርሽር አማረህ?»

«የድሮ ሥራ ቦታዬ ናፍቆኝ ነው» አልኳት። ይኸው ሌላ ውሸት።

የምፈራው መንገዱን ብቻ ቢሆን በወደድኩ። የምፈራው የቶለራን ዓይን ነው።

ሐሙስ

ወጥቼ ተመለስኩ። ባጃጅ የለም። ወታደር የጫነ መኪና ሲያልፍ አየሁና ዞርኩ። ቤቴ ስገባ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ አሳፈረኝ።

ነገ ካልደረስኩ ቶለራ ቅዳሜ ይሄዳል።

ዓርብ

ሲነጋጋ ወጣሁ። መገንጠያው ላይ ጎማ ይጨሳል፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ወጣቶች አቆሙኝ።

«አባ፣ ኤሳ ዴምቱ?» ወዴት ነው የሚሄዱት ማለታቸው ነው።

«ገረ ኦቦ ቶለራ። ወደ እሱ ዘንድ፣ ግድቡ ጋ።»

«ወረቀት አስፈራሚ እንዳይሆኑ!» አለ አንዱ።

ሌላው አየኝና፣ «እኚህ? እኚህማ የራሳቸውን ስም ለማንበብም መነጽር ይፈልጋሉ!» አለ። ተሳሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። አሳለፉኝ።

ሦስት ሰዓት ያህል ሄጄ ጉብታውን ስወጣ ግድቡ ታየኝ። የወጨጫ ተራራ በሩቁ ቆሟል፤ ጭጋጉ ገና አልለቀቀውም። ጣሊያን የካበው ጥቁር ድንጋይ እንዳለ ነው። ውሃው ግን እምቦጭ ለብሷል፤ ይሸታል። የማሽኑ ቤት መስኮት ረግፏል። ወደ ውስጥ አየሁ፤ ዝገትና የወፍ ኩስ። ፍርግርጉ ጋ ስደርስ ብረቱን ያዝኩ። ጸለይኩ አልልም። «አቤቱ» ብዬ እዚያው ቀረሁ።

ከዚያ ይቅርታ የሚለምን በደለኛ እንደሚያደርገው ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸከምኩ። መጀመሪያ ከባዱን አነሳሁ። ጥቂት ሄጄ ቀለል ባለ ለወጥኩት። ይህንንም ልጻፈው።

ቶለራ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ጆንያ ይሰፋል። የቤቱ ግድግዳ ላይ ለኪዎቹ የሚፈርስ ቤት የሚለዩበት ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሲያየኝ ብድግ አለ። «ወልዴ! በዚህ ዕድሜህ ድንጋይ? ኧረ ወገብህ!» ሮጦ መጥቶ ሊያወርድልኝ ያዘው።

«አታውርደው። መጀመሪያ ስማኝ።»

ነገርኩት። ኦሮምኛዬ ሲያልቅብኝ በአማርኛ። የወጣሁበትን ሰዓት፣ የጻፍኩትን ሰዓት፣ ያስፈረምኩትን ጣት። እጁ ከድንጋዩ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ቅዳሴ ነበርክ?»

«አዎ።»

«ለእኔም ጸለይክልኝ?»

«አልጸለይኩም።»

ተመልሶ ተቀመጠና መስፋቱን ቀጠለ። ብዙ ቆምኩ። መጨረሻ ላይ ድንጋዩን ራሴ አወረድኩት፤ ማውረዱ የተበዳዩ እንጂ የእኔ ድርሻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ወገቤ አልቻለም። እሱ ቀና ሳይል፣ «ልጄ ነገ ትመጣለች። የሰነፍ ልጅ እየተባለች ነው ያደገችው። ለእሷ ንገራት» አለኝ።

ጥጆቹ ከሚያድሩበት ጥግ ቆዳ አነጠፈልኝ። ራት ሰጠኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

ቅዳሜ

ልጅቷ ረፋድ ላይ በእግሯ መጣች፤ መኪናው ከመገንጠያው አላለፈም። ጎረቤቶች ዕቃ ሊያሸክሙ ተሰብስበዋል። ሰው እስኪሄድ ልጠብቅ አልኩ በልቤ። ቶለራ አየኝ።

ተነሳሁ። ሁሉም እያሉ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳት፦ «ማሽኑ የተሰበረው ሥራዬን ጥዬ በመሄዴ ነው። መዝገቡንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አባትሽ በሰዓቱ ነው የገባው።»