አፍንጫው እንጨት የሆነው ጄት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ሮም

ዛሬ የማስታምማቸውን ሲኞር ብሩኖን ልጃቸው ሳታውቅ የአውሮፕላን ሙዚየም ወሰድኳቸው። እዚያ የሚታደሰው ቫምፓየር የሚባል የድሮ የእንግሊዝ ተዋጊ ጄት ነው። በወጣትነታቸው መካኒኩ ነበሩ። አፍንጫው እንጨት መሆኑን ሳይ ገረመኝ። እንጨቱ በስብሷል፤ አዳሾቹም አሠራሩን የሚያሳያቸው ሰው አጥተው ሲለምኗቸው ከርመዋል። ልጃቸው ፓኦላ ግን "የአባቴ ሳንባ አቧራ አይችልም" ብላ ከለከለች። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ከአልጋ መነሣት ትተው ነበር።

የአቧራ መከላከያ ጭምብል አድርጌላቸው ገባን። ገና እንጨቱን እንደዳሰሱ፣ "ይሄን በምስማር የመታው ማነው? በር መሰላችሁ እንዴ?" ብለው ጮኹ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብለው እንጨቱ በሙጫ እንዴት እንደሚጣበቅ አሳዩአቸው።

ስንመለስ ፓኦላ ቤት ትጠብቀናለች። የአባቷ ልብስ ላይ የእንጨት ብናኝ ስታይ የት እንደዋልን ገባት።

"ኮንትራትሽን አቋርጣለሁ" አለችኝ።

ያለ ኮንትራት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ አይታደስም።

"ይችላሉ፣ ሲኞራ። እዚህ እስካለሁ ድረስ ግን በሚመጣው ቅዳሜም እወስዳቸዋለሁ" አልኳት።

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሰኞ ስትመጣ ምን እንደምትል አላውቅም። ሲኞር ብሩኖ የድሮ የሥራ ቱታቸውን አምጥተው "እጠቢልኝ" አሉኝ። አጥቤ አሰጣሁት።