ጠያቂ በግራ በኩል

ሃክኒ፣ የካቲት 7 ቀን 1991 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ካሳዬ፣

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው። ደግሞም ለእኛ ቤት ውድ ነህ፤ ምን ያህል እንዳስከፈልከን እስካለፈው ታኅሣሥ ድረስ አላውቅም ነበር እንጂ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንቱ ስልህ ኖሬያለሁ። ዛሬ አንተ ማለቴ ንቄህ አይደለም፤ አንቱ እያልኩ ይህን መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

ስልክህ አይሠራም። ክላፋም ሰፈር አንድ ዘመድህ ቤት እንደገባህ የነገሩኝ የስደተኞች ማኅበራችን አባል ወይዘሮ ማሚቱ ናቸው፤ አድራሻውንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ለምን እንደፈለግኩህ አልነገርኳቸውም። ማኅበሩ የሚያውቀው ሊቀ መንበርነቱን በጤና ምክንያት መልቀቅህን ነው። አባላቱ ታሟል ብለው ሊጠይቁህ ቢነሱ፣ ጠያቂ አይፈልግም ተባሉ። ይህን ስሰማ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ደግ ሳቅ ግን አልነበረም።

የታኅሣሡን ቅዳሜ መቼም አትረሳውም። የአሜሪካ ምክር ቤት በፕሬዚዳንቱ ክስ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነበር፤ የማኅበራችን አዳራሽ ቴሌቪዥኑ ፊት ጢም ብሎ ሞልቷል። ለገዛ ጠቅላላ ጉባኤያችን አሥራ ሁለት ሰው የማንሞላ ሰዎች፣ የሰው አገር መሪ ሲከሰስ ለማየት መቀመጫ አጣን። አልፈርድብንም። ማናችንም የአገር መሪ ሲጠየቅ አይተን አናውቅም። ሲሸሽ አይተናል፣ ሲገደል ሰምተናል፤ ወንበሩ ላይ እንዳለ «ዋሽተሃል ወይ» ሲባል ግን አላየንም።

የአውቶቡስ ሾፌሩ ዳኛቸው እንደ ልማዱ ነገር ቆሰቆሰ። ሰውየው በዚያው ሳምንት ባግዳድን በቦምብ ሲያስደበድብ ዝም ብለው ስለ ሴት ይጠይቁታል፣ «ይሄ ነው እንግዲህ ተጠያቂነት፣ አካውንታብሊቲ የሚሉት?» አለ። ወይዘሮ ማሚቱ ደግሞ የተበደለችው ሚስቱ ናት፣ ሚስቱ ትጠይቀው፣ አገር ምን ጥልቅ አደረገው አሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ፕሬዚዳንቱ ምሎ ሲጠየቅ «ነው» የሚለው ቃል እንደ አተረጓጎሙ ነው ማለቱን አስታወሰና፣ አማርኛ ቢችል ኖሮማ «ነው» እና «ነበር» ላይ ዓመት ያከራክረን ነበር ብሎ አሳቀን።

አንተ አልሳቅክም። ተነሥተህ የተናገርከውን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ ጸሐፊህ ነበርኩና። «ነገሩ የሴቲቱ አይደለም። ሥልጣን ያለው ሰው ሲጠየቅ አላስታውስም ማለት አይፈቀድለትም። ተራ ሰው ይርሳ። ባለሥልጣን ግን እንዲያስታውስ ነው የተቀመጠው።» ሰው አጨበጨበልህ። እኔም እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አጨበጨብኩ፤ ምን ዓይነት ሰው አለን ብዬ ኮርቼብህ ነበር።

ከዚያ ሁሉም ልናገር፣ ልጠይቅ አለ። ጫጫታው ሲበዛብህ ወንበር ላይ ወጣህና ጮህክ፤ «ጠያቂ በግራ በኩል ይሰለፍ። የማንን ስም እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ይናገር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የፕሬዚዳንቱን ነዋ፣ የማንን ሊሆን ኖሯል፣ አለ ዳኛቸው። አንተም ፈገግ ልትል ሞከርክ። እኔ ግን ድምፅህን አወቅኩት። ስድስት ዓመት ስትናገር ሰምቼህ ያላወቅኩህ ለካ ጮኸህ ስለማታውቅ ነው። ያን ዐረፍተ ነገር ከነዜማው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ በየቀኑ ሰምቼዋለሁ።

በታኅሣሥ 1970 ወንድሜን እንግዳወርቅን ከቤት ወስደው ቀበሌ አሰሩት። እናቴና እኔ ምሳ ዕቃ ይዘን በሩ ላይ ከጠያቂዎች ጋር እንሰለፍ ነበር፤ በግራ በኩል። በሩ ላይ ጠብመንጃ ያነገተ ወጣት ነበር። እናቴ ቀና ብለሽ አትይው ስላለችኝ ፊቱን አላውቀውም። ስም ይጠይቃል፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይገባል፣ ባዶውን ይመልሳል። «ደርሶታል፤ በርቱ ብሏችኋል» ይለናል። እናቴ እህል የሚወርድላት ያቺን «በርቱ» ከሰማች በኋላ ነበር። መጋቢት መጨረሻ ላይ ያው ወጣት ከእንግዲህ አታምጡ አለን።

ከእንግዳወርቅ ጋር ታስሮ የተፈታ ሰው በኋላ እቤት መጣ። ወንድሜን ከጥምቀት በፊት አስወጥተው እንደወሰዱትና እንዳልተመለሰ ነገረን። ቀኑን ግን አላወቀውም፤ እዚያ ውስጥ ቀን እንደሚጠፋበት ሰው ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። እንግዲህ ከሁለት ወር በላይ ስታቀብለን የኖርከው የሞተ ሰው ሰላምታ ነው። ምግቡን ማን እንደበላው አልጠይቅህም።

ያን ቅዳሜ ሰው ከተበተነ በኋላ ወንበር ስትደራርብ ቀረብኩህና የት ቀበሌ በር ላይ እንደነበርክ ጠየቅኩህ። የወንድሜን ስም ስጠራ ዓይንህን ከፊቴ አነሳህ። ጠባቂ እንጂ ወሳኝ አልነበርኩም አልከኝ። ሃያ ሦስት ዓመትህ እንደነበር፣ እምቢ ብትል አንተም ከታሳሪዎቹ ጋር እንደምትደባለቅ ነገርከኝ። አመንኩህ፤ አሁንም አምንሃለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩህ።

«የወሰዱት መቼ ነው፣ ጋሽ ካሳዬ? ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ።»

«አላስታውስም» አልከኝ።

ንግግርህን የጻፍኩበት ደብተር ብብቴ ሥር ነበር። ቀለሙ እንኳ በደንብ አልደረቀም።

ከትናንት ወዲያ ሴኔቱ ፕሬዚዳንቱን ነጻ ለቀቀው። ወይዘሮ ማሚቱ ደውለው ይኸው ለቀቁት፣ ታዲያ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ምን ፈየደ አሉኝ። ቢያንስ ጠየቁት አልኳቸው። አሜሪካኖቹን ላወድስልህ አይደለም። የዳኛቸውን የባግዳድ ጥያቄ ማንም አልመለሰለትም፤ ካሳደዱት ሰዎች መካከልም ከእውነቱ ይልቅ ወንበሩ ያጓጓቸው እንደነበሩ ይገባኛል። ሆኖም ዓለም እያየው ተጠየቀ። ለአንተ ምክር ቤትም ሴኔትም የለም። ያለሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ስልክ ዘግተህብኛል።

እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የልጇን ሙት ዓመት አስባ አታውቅም፤ ቀን የላትማ። የንስሐ አባቷ ከጥምቀት በፊት ካሉት አንዱን ምረጪ ቢሏት፣ በማይሆን ቀን ስሙን ባስጠራ ለሌላ ይደርሳል እንጂ ለእሱ አይደርስም ብላ እምቢ አለች። አሁን ታማለች። የምታስታምማት የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ስደውል፣ ሐኪሙ ለፋሲካ መድረሷን እንደተጠራጠረ ነገረችኝ። ስልኩን ስትሰጣት እናቴ የጠየቀችኝ ስለ ጤናዬ አልነበረም። ልጄ፣ ያቺን ቀን የሚያውቅ ሰው እዚያ አገር አላገኘሽም ወይ ነው ያለችኝ።

እንድትቀጣ አልፈልግም። ለማኅበሩ አልናገርም፤ በዚህ ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። ሰው ፊት ቆመህ ይቅርታ ጠይቅም አልልህም። ታኅሣሥ ስንት ወይም ጥር ስንት፣ ያቺን ብቻ በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ ላክልኝ።

ዝም ካልክ የማደርገውን ልንገርህ። ራሴ አንድ ቀን እመርጣለሁ። ደውዬም «እማዬ፣ ተገኘ፤ በዓይኑ ያየ ሰው ነገረኝ» እላታለሁ። ታምነኛለች፤ አንተንም አምናህ ነበር። ስሙን ታስጠራለች፣ ነዳያን ታበላለች፣ ልቧ አርፎ ትሞታለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ አንተን የምጠይቅበት አፍ አይኖረኝም።

የእንግዳወርቅ እህት፣
ዓይናዲስ