ያልደረስንበት ሦስተኛ ከተማ

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ ስንቴ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው ብዕሬ የደፈረው።

ጡረታ በወጣህ ማግስት ደብተር ይዘህ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ድረስ መጣህ። ወረፋውን አልፈህ ባንኮኒው ላይ ዘረጋኸው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ስነዳ ሰውን ለሙዚቃና ለቴአትር ሳደርስ ኖርኩ፤ አንድ ቀን ወርጄ አላየሁም» አልከኝ። ዕቅዱ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፦ በመጀመሪያው ከተማ ሙዚቃ፣ በሁለተኛው ውዝዋዜ፣ በሦስተኛው ቴአትር። አዳራሹ ከጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ ሳይቀር። መቀመጫው ሁሉ ከፊተኛው ረድፍ ነው። «ባቡሩ ቢያመልጠንስ?» ስልህ «እኔን ጥሎ የሄደ ባቡር የለም፤ ያለ እኔ አይነሳማ!» ብለህ ወረፋተኛውን አሳቅከው። እማዬ ጉልበቷ እምቢ ስላላት «አንቺ ሂጂለት» አለችኝ።

መንገድ ላይ ግን ተናደድኩብህ። «ውኃ ልግዛልህ?» ስልህ «አዎ፣ ድልድዩን ሲሠራ ጀምሮ አውቀዋለሁ» ትለኛለህ። ጮክ ብዬ ስደግምልህ ተሳፋሪው ዞሮ ያየኛል። ሙዚቃው ላይ ሰዉ አጨብጭቦ ዝም ካለ በኋላ አንተ ብቻህን ታጨበጭብ ነበር። ከኋላችን የተቀመጡ ልጃገረዶች ሳቁብህ። እኔም አፈርኩ። ይኸው ጻፍኩት፤ በአባቴ አፈርኩ።

ውዝዋዜው ላይ መዳፍህን መድረኩ ጠርዝ ላይ አኑረህ ነበር። የተወዛዋዦቹ እግር ጣውላውን ሲመታ ዓይንህ እንባ አቀረረ። ምን ሆንክ አላልኩህም። በማግስቱ ጣቢያው ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠራሁህ፤ ዝም አልክ። ክንድህን ጎትቼ «ምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ? ሰው ፊት አታዋርደኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩብህ።

ያቺን ሰማሃት። ፊትህ ክው አለ። «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ» አልከኝ።

ይቅርታህ ይባስ አበሸቀኝ። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ራቅ አልኩና ተመልሼ «ከሥራ ተጠርቻለሁ፤ ቴአትሩ ይቅርብን» አልኩህ። አባዬ፣ የደወለልኝ ሰው አልነበረም።

«ሥራ ይቀድማል» ብለህ ደብተርህን ኪስህ ከተትክ። ቤት እስክንገባ በመስኮት ውጭ ውጭውን ከማየት በቀር ቃል አልተነፈስክም። ከወራት በኋላ ጆሮህ ጨርሶ ሲዘጋ ሁላችን እርጅና ነው አልን።

ከቀብርህ በኋላ ሐኪምህ መድኃኒት ቤት ብቅ ብሎ አጽናናኝ። «በመስከረም ወር፣ ከጉዟችሁ በፊት፣ ዓመት ሳይሞላ መስማት እንደሚያቆም ስነግረው» አለኝ፣ «'እንግዲያው ሳይዘጋብኝ ከልጄ ጋር የቀረችኝን ልስማ' ብሎኝ ነበር። ደስ ብሎት ነበር የሄደው።» ባንኮኒውን ተደግፌ ቀረሁ። ቀጥላ የተሰለፈችው ሴትዮ «እህት፣ ደህና ነሽ?» እስክትለኝ ድረስ።

ባለፈው እሑድ የእማዬን ጉልበት እያሸሁላት ድንገት «ያን ቴአትር አባትሽ እንዴት አድርጎ ቢተርክልኝ ጥሩ ነው!» አለችኝ።

«የቱን ቴአትር?»

«አብራችሁ ያያችሁትን ነዋ!»

ትርኢቱን በአንድ ቀን ስላስቀደሙት ቀድመን መጣን ብለሃታል። የተዋናዩን ባርኔጣ፣ ሽማግሌው በር ላይ ቆሞ ልጆቹን ሲሰናበት ሕዝቡ እንዴት እንዳለቀሰ፣ አንድ ሳታስቀር ነግረሃታል። እኔም እጅህን ይዤ ተዋንያኑ የሚሉትን ሁሉ ጆሮህ ሥር ስደግምልህ እንደነበር።

«በልጄ ኮራሁ አለኝ» ብላ መረቀችኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። ቀጥላም «እስቲ ንገሪኝ፣ ሽማግሌው ሲሰናበት ምን ነበር ያለው? አባትሽ እዚያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠበት» አለችኝ።

«አላስታውሰውም፣ እማዬ» አልኳት።

ከእናቴ ወቀሳ ልታድነኝ ያላየኸውን ቴአትር ፈጠርክልኝ። እኔ ግን ከዚህ በላይ ልሸከመው አልችልም። በመጪው እሑድ እውነቱን እነግራታለሁ። ብትቆጣኝ ትቆጣኝ፤ ያንተን ዝምታ ያህል የሚከብድ ቁጣ የላትም።

በአፏ ያልጠየቀችህን ይቅርታ በጽሑፍ የምትለምንህ፣

ልጅህ