ያለቀው ጎማ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ነህ? ቤቱስ፣ ሁሉ ነገር እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? አባባን ያ ሳሉ ለቀቀው? እኔ አካሌ ደህና ነው። ልቤን ግን አትጠይቀኝ።

መንጃ ፈቃድ ማውጣትህን ሰምቼ እንኳን ደስ ያለህ ልልህ ስሰናዳ ይሄ ጉድ ወደቀብኝ።

ባለፈው ሐሙስ ዱቄት ጭኜ ከመጋዘን እንደወጣሁ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ዳር ይዤ ሞተር አጠፋሁና መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁት። ክፉ ሰው አልነበረም። መኪናውን ዞሮ አየና የኋላውን ጎማ በጫማው እየነካ፣ «ይሄ እኮ መላጣ ሆኗል፤ ዝናብ ከመጣ አይይዝልህም። ዛሬውኑ አስቀይር» ብሎ ቀጥቶ ለቀቀኝ። ለመኪናው ባለቤት ብደውል፣ «አንተ ደግሞ! ትራፊክ ጥፋት አጥቶ ያውቃል? አራግፈህ ና፣ ከዚያ እናያለን» አለኝ። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ አፌን ይዤ ነዳሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ዝናቡ ያዘኝ። አንድ ሞተረኛ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናው ግን ተንሸራቶ ሄደበት። ድምፁን አልጽፍልህም።

አጠገቤ የነበረው የዕቃ ተቆጣጣሪ፣ «ምን ትጠብቃለህ? ሰዉ ተሰብስቦ ሳይጨርስህ ንዳው!» እያለ ጮኸብኝ። የአደጋ መብራቱን አብርቼ ወረድኩ። አምቡላንስ ጠራሁ። ሞተረኛውን ልጅ ለማንሳት የተረባረቡትን፣ «አከርካሪው ተጎድቶ ይሆናል፣ እባካችሁ አታንቀሳቅሱት» ብዬ ለመንኳቸው። ጃኬቴን አልብሼው ጭቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዓይኑን ገልጦ፣ «እናቴ እንዳትሰማ፤ ትደነግጣለች» አለኝ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ፖሊስ ጣቢያ ሳለሁ ባለቤቱ መጣና በጆሮዬ፣ «ሞተረኛው ነው የገባብኝ በል፤ ስለ ጎማው ትንፍሽ እንዳትል። ጠበቃ አቆምልሃለሁ» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። መርማሪው ሳይጠራኝ ግን የልጁ እናት ገቡ። አልጮኹም፣ አልሰደቡኝም። «አጠገቡ ነበርክ አሉ። ልጄ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ሲታመምም እንደዚሁ ነበር የሚደብቀኝ» አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲያ መዋሸት አቃተኝ። የጎማውን ማለቅ፣ እያወቅሁ መንዳቴንም ጭምር፣ ሁሉንም ለመርማሪው ተናገርኩ።

አሁን በዋስ ወጥቻለሁ። መንጃ ፈቃዴ ተይዟል፣ ከሥራም ተባርሬያለሁ። ባለቤቱ ስለ ጎማው አልሰማሁም ብሎ ክዷል። መታሰሬ እንደማይቀር መንግሥት ያቆመልኝ ጠበቃ ነግሮኛል።

ወንድምዓለም፣ ትራፊክ ሲያስቆምህ አትበሳጭ። እኔ ምነው ያን ቀን መኪናውን ባገደው ኖሮ እያልኩ ነው የማድረው። ጎማው አልቆ ንዳ ካሉህም ቁልፉን አስረክባቸውና ውረድ። ሥራ ፈት ይበሉህ፤ ግድ የለም።

አባባን ጉልበቱን ሳምልኝ። ታላቅ እህታችንን ከነባሏ ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ልጇን አገላብጠህ ሳማት። አጎታችንንም እንዴት ነህ ብሎሃል በለው። ይህን ደብዳቤ ደግሞ ለእማዬ ቁጭ ብለህ አንብብላት። መጀመሪያ «እሷ እንዳትሰማ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ።

ታላቅ ወንድምህ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ሰኔ 14 ቀን